አምስት መቶ ሃምሳ ሜትርና የአያ ፈንታ ከሰል

ከሥራ ያስወጣኝ ዓይኔ ነው። ሌላው አካሌ ገና ነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት ምን አላት? ፋይበር የምንለው የመስታወት ክር ከጠጉር የቀጠነ ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ የተቆረጡ ጫፎቹን አገናኝቶ መበየድ ነበር። ዓምና አንድ ጠዋት ሁለት ጫፍ ይዤ ላገናኝ ብል መበየጃው ማሽን እምቢ አለኝ። አጸዳሁ፣ እምቢ። ቆረጥሁና እንደገና ሞከርሁ፣ እምቢ። እኩለ ቀን ላይ መነጽር ተውሼ ሳየው አንደኛው ፋይበር ነው፤ ሁለተኛው ከራሴ ጢም የወደቀ ሽበት ነው። ባለቤቴ «ይህን ውሸት ለሰው አታውራ» ትለኛለች። እሺ፣ ትንሽ ጨምሬበት ይሆናል። ሽበቱ ግን እውነት ነው፤ የተዋስሁት መነጽርም እውነት ነው።

በዚያው ሰሞን የስንብት ደብዳቤ ጻፍሁ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ሰዓቱ በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ እሱም ጡረታ ወጣ መሰለኝ። አሁን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አባቴ በተወልኝ መሬት ላይ ድንችና ዲከረንስ አለማለሁ። ዲከረንስን የማታውቁ ካላችሁ፣ የከሰል ዛፍ ነው። በእኛ አገር ተተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል፤ ከዚያ መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል፤ ከዚያ እንደገና ዛፍ። ይህን ዛፍ ልብ በሉልኝ። በሃያ ሦስት ዓመት የገመድ ሥራዬ ውስጥ አንገቴን ያስደፋኝ እሱ ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፣ በቆፋሪነት። የመጀመሪያው አለቃችን ርቀት የሚለካው ካርታ ላይ በማስመሪያ ነበር። በእሱ ማስመሪያ አገሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ወንዝ የለም፣ አጥር የለም፣ የሚናከስ ውሻ የለም። በሄድንበት ሁሉ ገመድ ያጥረናል፤ በሄድንበት ሁሉ ጥፋቱ የቆፋሪው ነው። «ዞራችሁ ሄዳችሁ ነው እንጂ ካርታው ልክ ነው» ይለናል። አንድ ጊዜ የዞርንበት ነገር ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ስነግረው ትንሽ አሰበና «በስንት ሜትር ዞራችሁት?» አለኝ።

ከዚያ ማታ ማታ ተምሬ ቴክኒሺያን ሆንሁና አዘና ተላክሁ። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሕንፃዎቹን በመዳብ የኔትወርክ ገመድ አገናኝቶ ነበር። «ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል» አሉኝ። የመዳብ ገመድ ከመቶ ሜትር ካለፈ አይታመንም። ለካሁት፤ መቶ ሠላሳ ስድስት። ገመዱን የዘረጋው ሰው ከኋላዬ ቆሞ «ሠላሳ ስድስት ሜትር ምን አላት?» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። ይህን ሳቅ በኋላ በወለዱ መልሼዋለሁ።

ጋሽ ይስማውን ያገኘኋቸው እንጅባራ ስዛወር ነው። የኔትወርክ ንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ የዳንግላ ሰው፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ። እኔ በአንድ ቁርስ ላይ የማወራውን እሳቸው በአንድ ክረምት አያወሩትም። ገመድ የሚያልፍበትን መንገድ የሚለኩት ባለ ጎማ መለኪያ እየገፉ በእግራቸው ነው። ጎማው ሲዞር ቆጣሪው ይቆጥራል፤ እሳቸው ግን ቆጣሪውን አያምኑትም። ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ ጠጠር አለ፤ መቶ ሜትር በሞላ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። መጨረሻ ላይ ጠጠሩና ቆጣሪው ካልተስማሙ ሥራው እንደገና ነው። ባለቤታቸው ከእህል ከሚለቅሙት ይልቅ ከሱሪ የሚለቅሙት ጠጠር ይበዛል እየተባለ ይወራ ነበር። ያስወራሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው መመለሻው ነው። መንገዱን ለክተው ከጨረሱ በኋላ ያንኑ መንገድ በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ግን አይለኩም። መለኪያውን ለእኔ ያሸክሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው በየማሳው ይቆማሉ። ጥያቄያቸው አንድ ናት፦ «እዚህ ላይ የዛሬ አምስት ዓመት ምን ታደርጉበታላችሁ?» አንዱ ለልጁ ቤት እንደሚሠራ ይናገራል፤ አንዱ ጉድጓድ ውኃ ሊቆፍር አስቧል። አንዲት እናት «የዛሬ አምስት ዓመትማ እኔ የለሁም፤ ልጆቼን ጠይቅ» አሏቸው። ልጆቹ ገበያ ሄደው ነበር። ጋሽ ይስማው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልጆቹ እስኪመለሱ ጠበቁ።

ሦስተኛው ልማዳቸው እኔን የሚያበሳጨኝ ነው። በእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሜትር ትርፍ ያስቀሩና ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ያሰቅሉታል። «የጋሼ ዘንዶ» ብዬ ስም አወጣሁለት።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ገመድ ለማን ነው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ለማላውቀው ነገር» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ርቀት ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የመጣብኝ መዓት አይገባችሁም። ፋይበር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሐሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ብርሃኑ በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚሄድ ብዙ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ሁለተኛው መሐሉ ሰፋ ይላል፤ ብርሃኑ በብዙ መንገድ ይሄድበታል። የዳንግላን ገበያ አስቡት። ገበያ የተፈታ ጊዜ ሰዎች አብረው ይወጣሉ፤ ግማሹ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ፣ ግማሹ ጠላ ቤት ጎራ ብሎ። ቅርብ ሰፈር ላይ ቆመህ ብትጠብቃቸው ብዙም ሳይራራቁ ይደርሳሉ። ሩቅ ቆመህ ብትጠብቅ ግን የዛሬው ገበያተኛ ከነገው ገበያተኛ ጋር ተቀላቅሎ ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰፊው ፋይበርም እንዲሁ ነው። እኛ በነበረን ዕቃ የመቀላቀያው ድንበር አምስት መቶ ሃምሳ ሜትር ነበር።

እንጅባራ ዳር አንድ ማሠልጠኛ ነበር። የኔትወርክ ማሽኑ ያለው ቢሮው ውስጥ ነው፤ አዲሱ አዳራሽ ደግሞ ከተዳፋቱ በላይ፣ በመካከላቸው የዲከረንስ ማሳ። ሁለቱን አገናኙ ተባልን። መጋዘናችን ውስጥ ያለው ሰፊው ፋይበርና የቅርብ ርቀት ዕቃው ብቻ ነው። የሩቁ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመኪናው መንገድ ዙሪያ ብንሄድ ስድስት መቶ ዘጠና ሜትር ነው፣ አይሆንም። በዛፉ መሐል ብናቋርጥስ?

በዚያው ሳምንት የጋሽ ይስማው እኅት አረፉና ዳንግላ ለቅሶ ሄዱ። እኔ መለኪያውን ይዤ፣ ጠጠሬን ሞልቼ ወጣሁ። መሐል ላይ ባለ ማሳውን አያ ፈንታን አገኘኋቸው። አያ ፈንታ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በአውኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልዱ ሰው ናቸው። በአውኛ ተጫወትንና ቦይ ለመቆፈር ፈቀዱልኝ።

«ዛፉን ስቆርጥ ገመድህ አይጎዳም?» አሉኝ።

«ምን በወጣው! ይቁረጡት» አልሁ።

አራት ጠጠርና ሰባ ሜትር ሆነ። የሕንፃዎቹ ውስጥ አሥራ ሁለት፣ ሁለቱ ዘንዶዎች ሠላሳ፤ በድምሩ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። ከድንበሩ በታች ነው! አዳራሹ ደጃፍ ላይ በደስታ ስዘል ዝናቡ መጣ። የእንጅባራን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ብቻ አይዘንብም፣ ከጎንም ከታችም ይዘንባል፤ ያን ቀን ደግሞ ከኪሴ ውስጥ ሳይቀር ዘነበ። አንድ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። መለኪያውን ጫንሁና በመኪናው መንገድ ወረድሁ።

ጋሽ ይስማው ከለቅሶ ሲመለሱ ወረቀቱን አቀረብሁላቸው። ፊታቸው ገና አልደረቀም።

«ሄደህ ተመለስህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ተመልሻለሁ እኮ፤ በባጃጅ። ትንሽ አዩኝና ፈረሙ። ያልረገጡትን መንገድ ሲፈርሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አወራሁ። መጀመሪያ «አንድ መቶ ሰባ ስምንት ሜትር ቀነስሁ» እል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ቢቆይ ኖሮ እንጅባራን ከዳንግላ ጋር አዋስናት ነበር።

ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒዩተር ሆነና ያ አዳራሽ መፈተኛ ተባለ። ተማሪዎች ከየቀበሌው መጥተው ቤት ተከራይተዋል። ፈተናው ሰኞ ነው። ጋሽ ይስማው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል፤ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እሳቸው የፈረሙበት መስመር በንድፍ ስሕተት ወድቆ አያውቅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ኔትወርክ ጠፋ።

መመርመሪያውን ማሽን ቢሮው ውስጥ ካለው ጫፍ ላይ ሰካሁት። ብርሃን ልኮ ገመዱ የተበጠሰበትን ርቀት የሚናገር ነው። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት አለ። መለኪያውን እየገፋሁ ወደ ዛፉ ሮጥሁ፤ ጋሽ ይስማው በእርጋታ ተከተሉኝ። የጭስ ግድግዳ ቀስፎ ያዘኝ፤ እየሳልሁ፣ እየተደናበርሁ አልፌው ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ላይ ስደርስ ሣር ብቻ ነው።

«ዘንዶውን ቀንስ» አሉ ከኋላዬ። በእኔ ስም ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። እውነትም ማሽኑ ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውንም ጨምሮ ነው የለካው። አሥራ አምስት ሜትር ለጥቅሉ፣ ስድስት ለሕንፃው ውስጥ፤ ሁለት መቶ አምስት ሜትር ላይ መቆም ነበረብኝ። ተመልሼ ቆምሁ። ሁለት መቶ አምስት ላይ ጭሱ ነው።

ዛፉ ተቆርጧል። አምስት የከሰል ክምር በአፈር ተለብሶ፣ እንደ ግመል ተሰልፎ፣ ልክ በቦያችን መስመር ላይ እያጨሰ ነው። አያ ፈንታ ፊታቸው ጠቁሮ፣ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምነው አያ ፈንታ! ቦታ ጠፍቶ እዚህ ላይ?»

«ከዚህ የተሻለ የት አለ? እናንተ የቆፈራችሁት አፈር ልል ነው። ሌላው ድንጋይ ነው። ከሰል ለማልበስ እንዲህ ያለ አፈር ፈልጌ አጣሁ፤ ስመርቅህ ነው የከረምሁት።»

አፈሩን ከቦዩ ላይ እየዛቁ ክምሩን ሲያለብሱ ገመዱ ከእሳቱ ሥር ራቁቱን ቀርቷል።

«ገመድ አለበት ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለኸኛል። ስቆርጥ አይጎዳም አልኸኝ፤ ቆረጥሁ፣ አልተጎዳም። መክሰሉን መች ጠየቅኸኝ?»

አፌ ተዘጋ። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው የተዘጋው፤ ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«ምን ተበላሸ ለመሆኑ?» አሉ አያ ፈንታ።

«የፈተናው አዳራሽ።»

አካፋው ከእጃቸው ወደቀ። «ልጄ ጥሩወርቅ እኮ እዚያ ነው የምትፈተነው!» አሉና ክምሩን ሊንዱት ሮጡ። ጋሽ ይስማው ክንዳቸውን ያዙ። «ተዉት፤ አየር ካገኘ ይንቦገቦጋል። ከሰልዎም ይጠፋል፣ ገመዱም አይነሣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መመለሻውን ሄደሃል?»

«በባጃጅ ነው የተመለስሁት ጋሼ።»

ጭሱን አዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«በል ና» አሉ። «አሁን እንሂደው።»

ከአዳራሹ ጀምረን ወደ ታች ወረድን። ባርኔጣቸውን አውልቀው አያ ፈንታን ጠየቁ፤ የትኛው ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት ይከሰላል፣ የትኛው ዛፍ ከመስቀል በኋላ ይቆረጣል፣ የጎረቤቱ ለጋ ዛፍ ያለበት ጠርዝስ? ጠርዙ ሦስት ዓመት አይነካም። ለካነው። ከክምሮቹ ሥር ያለውን ዘጠና ሜትር ቆርጠን አውጥተን በጠርዙ የሚዞር መቶ ሃምሳ ሜትር እንተካለን። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ደመርሁ፤ አምስት መቶ ሰባ ሁለት።

«ሃያ ሁለት ሜትር ነው ያለፈው ጋሼ። ሃያ ሁለት ሜትር ምን አላት? ይሠራ ይሆናል» አልሁ። የአዘናው ሰውዬ ትዝ ያለኝ ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው።

«ይሆናልን ለጥሩወርቅ አባት ንገራቸው» አሉኝ።

አያ ፈንታ ሁለታችንን እያፈራረቁ ያዩናል። እኔ መሬት መሬቱን ማየት ጀመርሁ።

«ሁለቱን ዘንዶዎች አውርድ» አሉ ጋሽ ይስማው።

አምስት መቶ አርባ ሁለት። ስምንት ሜትር ተረፈን።

ቅዳሜ ዳንግላ ሄጄ ከሌላ ሥራ የተረፈ ገመድ አመጣሁ፤ ጥቅሉን ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ስቀመጥ ረዳቱ «ክርስትና ልታስነሣው ነው?» አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኘን። አያ ፈንታ አራት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። «በሰንበት መሬት አንቆፍርም» አሉ፤ «ማንጠልጠል ግን ልብስ እንደማስጣት ነው።» ገመዱን በትከሻቸው ተሸክመው በጠርዙ ዛፎች ላይ ሰቀሉልኝ። እኔ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ በጭሱ እያለቀሰ፣ ሁለቱን መጋጠሚያዎች በየድሁ። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ሽበት አልገባበትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች።

ሰኞ ጋሽ ይስማውና እኔ የመሣሪያ ቦርሳችንን ይዘን አዳራሹ በር ላይ እንደ ዘበኛ ዋልን። አያ ፈንታ ደግሞ ዱላ ይዘው የተንጠለጠለውን ገመድ ሲጠብቁ ዋሉ። አንዲት ላም ቀና ብላ ብታየው ወየውላት። አንድም ኮምፒዩተር አልቆመም። ውጤት ሲመጣ ጥሩወርቅ አልፋ ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። አያ ፈንታ አንድ ጆንያ ከሰል ላኩልኝ፤ ገመዴን ያቃጠለው ራሱ ነው። እንደዚያ ያለ ደህና ከሰል አይቼ አላውቅም።

ሪፖርት መጻፍ ነበረበት። የበላዮቻችን «ገበሬው ነው ያበላሸው በሉና ዝጉት» አሉ። ጋሽ ይስማው የብልሽቱ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በእጃቸው እንዲህ ጻፉ፦ «መመለሻው አልተሄደም። እኔም ሳልሄድ ፈርሜአለሁ።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እኮ!»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

ከዚያ ባዶ የቅየሳ ቅጽ አውጥተው በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመሩበት፤ ሲመለሱ የተጠየቀው ሰው ስም፣ ቦታው የዛሬ አምስት ዓመት ምን እንደሚሆን። እንዲታተም አስደረጉና በሁለት ወራቸው ጡረታ ወጥተው ዳንግላ ገቡ። የሩቁ ዕቃ ሲመጣ መስመሩን በመኪናው መንገድ ዙሪያ እኔው ቀበርሁት፤ ሁለቱንም ጫፍ ጠቅልዬ ሰቀልሁ፤ ሄድሁበት፤ በእግሬ ተመለስሁበት። ከዚያ ወዲህ እስከወጣሁ ድረስ መለኪያ ይዤ ባጃጅ ላይ የታየሁበት ቀን የለም።

ባለፈው ወር ዘንገና ማሳዬ ውስጥ ሳለሁ አንዲት መሐንዲስ ባለ ጎማ መለኪያ እየገፋች በዛፎቼ መሐል አለፈች። አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ አታውቀኝም። ክፋቴ ተነሣና ዛፍ ሥር ተደብቄ አየኋት። ለክታ ጨረሰችና ላይኛው መንገድ ደረሰች። ዝናቡ ወረደ፤ ከጎንም ከታችም። አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «በቃ፣ ሄደች» አልሁ በሆዴ። ከሹፌሩ ጋር ትንሽ ተነጋገሩ። ባጃጁ ባዶውን ሄደ።

እየተንሸራተተች በእግሯ ተመለሰችና ከተደበቅሁበት ዛፍ ፊት ቆመች። ኮፍያዋን ከራሷ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? እዚህ ቦታ ላይ የዛሬ አምስት ዓመት ምን ይሠሩበታል?»

አፌ ተዘጋ። ሁለተኛው ይኸው ነው። ዝናቡ በጀኝ፤ ፊቴ ላይ ያለውን ሁሉ የእሱ አስመሰለልኝ።

«ከሰል» አልኋት። «ልክ የቆምሽበት ላይ። በጠርዝ ውሰጂው።»

«በጠርዝ ከሆነ ሁለት መቶ ሜትር ይጨምራል እኮ።»

«ይጨምር።»

ቅጹን በላስቲክ ከልላ ስሜን ጠየቀችኝና ዓምዱ ውስጥ ጻፈችው፤ እንዳላማው፣ ከሰል። ይህን ዓምድ ማን እንዳወጣው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኧረ እንጃ ጋሼ፤ ከድሮም ያለ ነው» አለችኝና ወደ ቀጣዩ ማሳ ወረደች።

እቤት እንደገባሁ ዳንግላ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ተጠየቅሁ» አልሁና ነገሩን ነገርኋቸው። ምንም አልጨመርሁበትም።

«በእግሯ ነው የተመለሰችው?»

«በእግሯ።»

«ዝናብ ነበር?»

«ዶፍ ነበር ጋሼ።»

«ጎሽ» አሉና ስልኩን ዘጉት።